በቀለበት ውስጥ ያለ ቆርኪ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ካዛንቺስ ገና በቆርቆሮ አጥር የተሞላች ሰፈር ነበረች፤ የልጄ የሰናይት የፊት ጥርሶች ወልቀው አዲሶቹ ብቅ ብቅ እያሉ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የምለካው በጥርሷ ነው። ሰሞኑን ዕቃ ሳገላብጥ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያስቀመጥኳትን አንዲት የናስ ቀለበት ባላገኝ ኖሮ ይህንንም አልጽፈውም ነበር። ቀለበት ስል የጣት አይደለችም። የቀሚስ መንጠቆ የሚያዝባት፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ጽሕፈት ብዙ አልተማርኩም፤ ቀስ ብዬ ልናገረው።

እኔ ራሴ ልጅ እያለሁ፣ ቂርቆስ ነው ያደግሁት፣ የቀኝ ዓይኔ ወደ አፍንጫዬ ያይ ነበር። ብይ ስንጫወት ልጆቹ ከኋላዬ ይሰለፉና «ተጠንቀቁ! ደምሴ እናንተን አይቶ እኔን ነው የሚመታው!» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ? አቧራው ላይ ተንበርክኬ፣ አንገቴን አጣምሜ፣ ብዩን በአውራ ጣቴ ስወነጭፍ የሚሸተኝ የእርጥብ አፈር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናቴ «ሲያድግ ይተወዋል» ትል ነበር። አደግሁ፤ አልተወኝም። ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን ግራ ዓይኔ ውስጥ ትቢያ ገብቶ ስጨፍነው ነው በቀኙ ምንም እንደማላይ ያወቅኩት። ዓይኑ ቦታው ላይ አለ፤ ብርሃንና ጨለማ ይለያል፤ የሰውን ፊት ግን ከግድግዳ አይለይም። ማንም ምንም አላደረገልኝም፤ ማንም ምንም እንደሚደረግ አያውቅም ነበርና።

እንግዲህ ያን ጊዜ፣ ማለቴ ሰናይት ጥርሷ ሲወልቅ፣ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ በር ላይ ጥበቃ ነበርኩ። እሑድና በበዓል ቀን ደግሞ የአየር ጠመንጃዬን አንግቼ ወደ መስቀል አደባባይ እወርዳለሁ። አንድ ጣውላ አለችኝ፤ ጣውላዋ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ተደርድሯል። ተኳሹ ሳንቲም ይከፍላል፤ ቆርኪ የመታ ካራሜላ ይወስዳል። ጠመንጃው ያረጀ ነበር። አፈሙዙን ወደ ታች ሰብረው ሲያቀባብሉት ያቃስታል፤ ሲተኮስ «ጧ» ብሎ የዘይትና የቆዳ ሽታ ይተፋል። ሰደፉ ከብዙ ሰው ጉንጭ የተነሣ ወዝ ጠጥቶ ነበር። ሰናይት ከእኔ ጋር ትወርድና የወደቀ ቆርኪ ትለቅማለች። መተኮስ ግን አልፈቅድላትም። «ስታድጊ» እላታለሁ። እሷም «ስንት ጥርስ ሲወጣልኝ?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ቆርኪ ስትለቅም አየኋት። አንገቷን ወደ ቀኝ አዘንብላ፣ በግራ ዓይኗ ብቻ መሬቱን ትፈልጋለች፤ ልክ ዶሮ ጥሬ ስትፈልግ። ያንን አንገት አውቀዋለሁ። የራሴ አንገት ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም በትንሽ መብራት አየና ቀኝ ዓይኗ እንደሰነፈ፣ ግራው ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ እንደያዘበት ነገረኝ። «ደህናውን ዓይን ሸፍኑት፤ የሰነፈው ይሥራ» አለኝ። ጎዝና ፕላስተር ሰጠኝ። መንገዱን ሙሉ ሳስበው መጣሁ። ግቢ ገብቼ የተባልኩትን ስናገር ሁሉም ሰው ከየበሩ ወጣ።

ጫማ የሚሰፋው ጎረቤቴ ሽፈራው መርፌውን እንደያዘ ሳቀብኝ። «ደምሴ፣ እግርህ ቢቆስል ደህናውን እግር ታስራለህ?»

«ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ሐኪሙ ደክሞት ነው። ስንት ሰው አይቶ! የታመመ ነው እንጂ ደህና ነገር ይታሰራል እንዴ?»

ባለቤቴ አስካለም «እውነቱን ነው፤ የሚያየውን ዓይን ሸፍኜ ልጄን ላሳውራት?» አለች። ከጎናችን ያሉት የሰዒድ እናት፣ መርፌና ክር፣ ቁልፍና መንጠቆ የሚሸጡት፣ እሳቸውም «ወላሂ፣ የታመመው ይረፍ» አሉ። ቁስል ይታሰራል፤ የታሰረ ይድናል። ሁላችንም የምናውቀው ይህንን ነበር። ሐኪሙ አፉ ተሳስቶበት ነው ብለን ተስማማን፤ እኔም ተስማማሁ። ክረምቱን ሙሉ የሰናይትን ቀኝ ዓይን፣ የሰነፈውን፣ በንጹሕ ጎዝ ሸፍነን አሳረፍነው። ፕላስተሩን በየጠዋቱ የምለውጠው እኔ ነበርኩ። በጥንቃቄ ነው የምለውጠው።

ዝናቡ ሲያባራ ተመለስን። ሐኪሙ አይቶ መብራቱን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ደህናውን ነበር እኮ ያልኩዎት» አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሰነፈው ዓይን ጭራሽ ሲተኛ እንደከረመ አስረዳኝ። «ዓይን ማየት የሚማረው በልጅነት ነው። ትንሽ ቆይቶ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ መነጽርም መድኃኒትም አይከፍተውም። ብዙ ጊዜ የላትም» አለ። እኔም የተዘጋውን የራሴን ቀኝ ዓይን ወደ መሬት አደረግሁ።

እንግዲህ አሁን ደህናው ተሸፈነ። የልጅ ለቅሶ የዚያን ጊዜ ነው። ከአልጋው ጋር ትጋጫለች፤ ባልዲ ትደፋለች። ውጪ ስትወጣ የሰፈር ልጆች፣ ፊልም ላይ እንዳዩት አንድ ዓይኑን የሸፈነ የባሕር ወንበዴ፣ «ካፒቴን! መርከብሽ የት አለ?» ይሏታል። ፕላስተሩን ገንጥላ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ትጥለዋለች፤ እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ሁለት ዓይኗን ከፍታ ብይ ስትጫወት አገኛታለሁ። ሐኪሙ «ዶቃ ትሰካ፣ ጥልፍ ትሥራ፣ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ይፍጠጥ» ብሎን ነበር። ዶቃውን በተነችው። አስካለ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። ልጅቷ ወይ ፍንክች።

በመጨረሻ አንድ ማታ ሰናይት ራሷ ወደ ግድግዳው አየች፤ ጠመንጃው እዚያ ነው የሚሰቀለው።

«አባዬ፣ ያንን ብታስተኩሰኝ እሸፈናለሁ።»

አስካለ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። «በታወረ ዓይኗ ጠመንጃ?»

«አልታወረም» አልኳት።

በነጋታው ከሥራ መልስ ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ሞልቼ ከግቢው ጥግ የግንብ አጥር ሥር ቆለልኩ፤ ጣውላዋን ከፊቱ አቆምኩ፤ ሰው በዚያ በኩል እንዳያልፍ ገመድ ወጠርኩ። ጠመንጃውን ትራስ ላይ አስደግፌ ሰናይትን አስተኛኋት። ጥይት አላጎረስኩም። «ምን ታያለሽ?»

«ጭስ።»

«ከጫፉ ላይ ያለችውን ጉጥስ?»

«የለችም።»

ጠመንጃ ይዞ ለማያውቅ ላስረዳ። ከፊት፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ እንደ ስንዴ ፍሬ ያለች ጉጥ አለች። ከኋላ ደግሞ የተሰነጠቀች አነስተኛ ብረት። የፊቷን ጉጥ በኋላው ስንጥቅ መሐል አስቀምጠህ ከዒላማው ጋር ታገናኛለህ፤ ማነጣጠር ማለት በቃ ይህ ነው። ለእሷ ዓይን ግን ስንጥቁም ጉጡም ቆርኪውም አንድ ላይ ቀልጠው ጭስ ሆኑ። መጀመሪያ ጉጡን የጥፍር ቀለም ቀባሁት፤ ቀይ። «አሁንስ?» «ቀይ ጭስ።»

ቀጥዬ ሞረድ አወጣሁ። ጠመንጃውን በጉልበቶቼ መሐል አጣብቄ የኋላውን ስንጥቅ መሞረድ ስጀምር አስካለ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «እሑድ ምን ይዘህ ልትወርድ ነው?» አለችኝ። የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልም። የእሑድ እንጀራችን ከዚያች ስንጥቅ ጋር እየተፋቀ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ሞረዱ ይፋጫል፤ የብረት ዱቄት ሱሪዬ ላይ ያብረቀርቃል። አላቆምኩም። ስንጥቁን ጣት የሚያስገባ አደረግሁት። ሰናይት ተኝታ አየች። «ሰፋ» አለች። «ጉጡስ?» «ጭስ።»

ሽፈራው ከመቀመጫው «ጠመንጃውን ፈጀኸው እንግዲህ!» አለ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጠመንጃውም ተበላሸ፣ ልጅቷም አላየች።

የዚያን ጊዜ የሰዒድ እናት ከሱቃቸው መልስ አጠገቤ አረፍ አሉ። ሱቅ ልበለው እንጂ፣ ኦሎምፒያ መሄጃ ላይ በአንድ ግንብ ጥግ የተዘረጋ ሸራ ነው። ወሎዬ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። መሐረባቸውን አስተካክለው ጠመንጃውን ከእጄ ወሰዱና እንደ መርፌ ወደ ብርሃኑ አነሡት። በሕይወታቸው ጠመንጃ የነኩ አይመስለኝም።

«ደምሴ፣ እኔ በዚህ ባረጀ ዓይኔ መርፌ እንዴት እንደማሾልክ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«መርፌውን አላየውም። መርፌ ቀጭን ነው፤ ይጠፋል። ቀዳዳውን ነው የማየው። ብርሃን በቀዳዳው ያልፋል፤ ያንን አይቼ ክሩን እሰድዳለሁ። አንተ ለልጅቱ ጉጥ እየሰጠሃት ነው። ጉጡን ተወውና ቀዳዳ ስጣት።»

ከዘንቢላቸው አንድ ካርቶን አወጡ፤ የናስ ቀለበቶች በክር ተሰፍተውበታል፤ ከመጋረጃ ቀለበት ጀምሮ እስከ ቀሚስ መንጠቆ ድረስ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። ትልቋን በጥርሳቸው በጠሱና መዳፌ ላይ አደረጓት። «አብሽር» አሉኝ። «ደግሞ የታመመው ይረፍ ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ክረምቱን አብረን ነው ያስተኛነው። በጋውን አብረን እንቀስቅሰው።»

የፊቷን ጉጥ ሞርጄ አስተካከልኳት። ቀለበቷን በላይዋ አቆምኩና በቀጭን ሽቦ ጠምጥሜ አሰርኳት። ጠመንጃው ጆሮ ጌጥ ያደረገ መሰለ። ሰናይት ተኛች፣ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አሳረፈች።

«ምን ታያለሽ?»

«ክብ።»

«ውስጡስ?»

«ትንሽ ክብ። ይንቀሳቀሳል። አሁን መሐል ገባ።»

ቆርኪው ነው። የሰዒድ እናት ከኋላዬ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ጥይት አጎረስኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ከጣውላዋ በታች አሸዋው ውስጥ ገቡ። ቀለበቷ ከጉጡ ከፍ ስላለች ነበር፤ የፊቱ ከፍ ሲል ጥይቱ ዝቅ ይላል። ከሳርዲን ቆርቆሮ ቁራጭ አጥፌ የኋላውን ብረት ሥር ሸጎጥኩና ከፍ አደረግሁት። ከዚያ «ጧ» ካለ በኋላ «ቅጭል» የሚል ድምፅ መጣ። ቆርኪው አሸዋው ላይ ተንከባለለ። ሰናይት አልጮኸችም፤ ወደ እኔ ዞራ «ደግመህ አቀባብል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ፕላስተር አልገነጠለችም። የሰዒድ እናት ከጥቁር ጨርቅ የዓይን መሸፈኛ ሰፉላት፤ ጠርዙ ላይ ከሸቀጣቸው ብልጭልጭ አደረጉበት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን ትጥልና ገመዱን ራሷ ትወጥራለች። የሰፈር ልጆች ካፒቴን ማለታቸውን አልተዉም፤ አሁን ግን ለመተኮስ ተራ እየለመኑ ነው። «ካፒቴን፣ አንዴ ብቻ!» «ዓይንህ ደህና ነው፣ አይሆንም» ትላቸዋለች። ሽፈራው ከመርፌው ቀና ብሎ «የታመመ ዓይን ያለው ብቻ የሚገባበት ክበብ ከፈታችሁ» ይላል።

እሑዳችንን በሚመለከት፣ ያንኑ ጠመንጃ ይዤ ወረድኩ። ሌላ የለኝም። የመስቀል አደባባይ ጎረምሶች ከበቡኝ። «ፋዘር፣ ይሄ ምንድን ነው? ጠመንጃህ ጆሮውን ተበሳ እንዴ?» የጠየቀኝን «ሞክረው» አልኩት። ሞከረው። መታ። ጓደኛውም መታ። በየእሑዱ ከሩቅ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ዓመት ሙሉ ሲስቱ የኖሩ፣ እሳቸውም መቱና ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆርኪውን ጨበጡት። ከምሳ በፊት ካራሜላው አለቀ። «ፋዘር፣ በዚህ አካሄድ ሱቅህን ዝጋ!» አሉኝ። ጣውላዋን ራቅ አድርጌ ማቆም ግድ ሆነብኝ።

ቤት ውስጥ ግን ሥራው ቀለበቷን ማሳነስ ነበር። የሰናይት ዓይን ትልቋን ሲለምድ የሰዒድ እናት ከካርቶኑ ተከታይዋን ይበጥሱልኛል። አዲሷ በታሰረች ቀን ልጅቷ «ጠፋብኝ» ብላ ታለቅሳለች። ከሰነበተች በኋላ «መጣ» ትላለች። እኔ በየጊዜው ሽቦውን እፈታለሁ፣ ከሥሯ ስስ ብረት እጨምራለሁ፣ መሐሏ ከቀደመችው መሐል እንዳይወርድ እለካለሁ። አንዳንድ ቀን ሰናይት ከተኛች በኋላ ጠመንጃውን አነሣና ቀኝ ትከሻዬ ላይ አስደግፌ በተዘጋው ዓይኔ በትልቋ ቀለበት ለማየት እሞክር ነበር። መብራቱ ነጭ ጭስ ነው፤ በቃ። እንዳያዩኝ ቶሎ እሰቅለዋለሁ።

ምስር የምታክለዋ ቀለበት የመጨረሻዋ ነበረች። በዚያች ቀለበት ብዙ ሰነበትን፤ «ጠፋብኝ» እንዳለች በጋው ተጋመሰ። ሐኪም የምንሄድበት ቀን ደረሰ። በዋዜማው፣ ፀሐይዋ ገና ግንቡ ላይ እያለች፣ ልትተኩስ ተኛች። እኔ ቆርኪዎቹን ደርድሬ ተመለስኩና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ጣቷን ቃታው ላይ አድርጋ ሳትስበው ቆየች።

«ምን ሆንሽ? ጠፋብሽ?»

«አይደለም። ያኛው ቆርኪ የተጣመመ ነው። ጠርዙ ገብቷል። ለምን የተጣመመ ታደርጋለህ?»

በግራ ዓይኔ፣ በደህናው፣ አየሁ። ከዚያ ርቀት ለእኔ ሁሉም ቆርኪዎች አንድ ናቸው። ተነሥቼ ሄድኩ። ከጫፍ የመጀመሪያው ቆርኪ በአንድ ወገን በመክፈቻ ተቀጥቅጦ ገባ ብሏል። እጄ ውስጥ ይዤው ቆምኩ። አስካለ ከበሩ «ምን ተገኘ?» አለች። «ተጣሟል» አልኳት። «ቆርኪ ተጣሞ ነው እንዲህ የምትቆመው?» አለች። እሷም ቆይቶ ገባትና ቁጭ አለች።

ሐኪሙ በማግስቱ ሰንጠረዡን አስነበባት። የላይኞቹን አነበበች፣ መሐሉንም አነበበች፣ ከታች ባሉት ትንንሾቹ ላይ ተንተባተበች። «ምን አደረጋችሁላት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተኮሰች» አልኩት። አስረዳሁት። ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ መሸፈኛው በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ እየሆነ፣ ቆይቶም ቀረ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ያ የግንብ አጥር ከነአሸዋው ፈርሷል፤ ቦታው ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ ጫፉን የማላየው ፎቅ ቆሟል። በእኛ ጊዜ የልጅ ዓይን ቢጣመም «ሲያድግ ይተወዋል» ነበር። አሁን የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ገና ሲገባ ዓይኑን በመብራት አዩት፤ ደህና ነው ብለው መለሱት፤ ማንም ከየበሩ ወጥቶ አልተከራከረም። ደግም ነው። አንዳንዴ ግን ሁላችንም አንድ ላይ የተሳሳትንበትን፣ ከዚያም አንድ ላይ የተመለስንበትን ያን ግቢ አስባለሁ። ጠመንጃው ዝጎ ቃታው አይሳብም። ሰናይት መኪና ትነዳለች፤ ቦሌ ነው የምትኖረው። እሑድ ስትመጣ የሸሚዜን ቁልፍ ትተክልልኛለች፤ መርፌውን ወደ መስኮቱ አንሥታ ክሩን በአንድ ጊዜ ታሾልከዋለች። ስታሾልክ ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኙ ነው የምታየው።

በግቢው ሁሉ የሰዒድ እናት ነበር የምንላቸው፤ እኔም ይህን ስጽፍ በልማዴ እንደዚያው ጻፍኩ። ያን ቀን ደረጃው ላይ አጠገቤ አረፍ ያሉት ሴት ግን የራሳቸው ስም ነበራቸው። ዘምዘም ይመር ይባላሉ።